ከልብስ ሰፊው ክንድ ያወጣሁት ቧንቧ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ አመል አልለቀቀኝም። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በባቡር ስመጣ ቆሞ የሚሄደው ሰው ሁሉ ብረቱን ጨብጦ ይይዛል፤ እጅጌው ወደ ክርኑ ይሸራተታል፤ እኔ ደግሞ ፊቱን ትቼ ክንዱን አያለሁ። የዚህኛው ቧንቧ ወፈር ያለ ነው፣ የዚያኛው ያስቸግራል፣ የዚያች ልጅ ደግሞ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው እያልኩ ለራሴ አወራለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጎልማሳ ሳፈጥበት አይቶ "እናቴ፣ ሰዓቴን ወደዱት እንዴ?" አለኝ። ሰዓት ማሰሩንም አላየሁም ነበር። "ያምራል፣ በደስታ እሰረው" ብዬ ወረድኩ። ምን ልበለው?

እንጀራዬ ይሄው ነበር። የልቡ ደም ወሳጅ ቧንቧ ለተዘጋበት ሰው፣ ከራሱ ክንድ ወይም እግር ጤነኛ ቧንቧ አውጥቼ ለቀዶ ሐኪሙ አቀብላለሁ። ሐኪሙ ያንን ቧንቧ ልቡ ላይ ይሰፋዋል፤ ደሙም የተዘጋውን መንገድ ትቶ በአዲሱ መተላለፊያ ይሄዳል። ባይፓስ የሚሉት ይህንን ነው። ፎቶ አንሺ ሲመጣ የሚያነሳው ልቡን የሰፋውን ነው። ልክ ነው፣ ልብ ልብ ነው። ነገር ግን ቧንቧው ሲወጣ ከተቆነጠጠ፣ ከተወጠረ ወይም እሳት ካገኘው፣ የፈለገ ጎበዝ ቢሰፋው ውሎ አድሮ ይዘጋል። ሲወጣ ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው ደግሞ ያወጣው ሰው ነው። እኔም አንዱን እንዲያ እያወቅኩ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

ስሜ ሐሊማ ነው። በሥራ ቦታ ሲስተር ሐሊማ፣ በሰፈር "ነርሷ"። አባቴ ከወሎ መጥቶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ እኔም እዚያው ተወልጄ፣ ሳገባ አብነት ሰፈር ገባሁ። ከእነዚህ ሁለት ሰፈሮች ርቄ የሄድኩት በደርግ ጊዜ ከነርስነት ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው፤ አንዲት የወረዳ ሆስፒታል መደቡኝ። እዚያ አንድ ቀዶ ሐኪም፣ አንድ የኦፕሬሽን መብራት፣ አንድ የሚያስነጥስ ጄኔሬተር ነበረን። የእጅ ጓንት እናጥባለን፣ ገመድ ላይ እናሰጣለን፣ ዱቄት ነስንሰን በእንፋሎት ቀቅለን መልሰን እንጠቀማለን። የዛሬ ልጆች ይህንን ስነግራቸው ያጋነንኩ ይመስላቸዋል። አለቃችን የነበረችው ማትሮን የተሰጣውን ጓንት አንድ በአንድ በውሃ ሞልታ ቀዳዳ ትፈልግ ነበር፤ የተቀደደ ካገኘች የዚያን ቀን ሻይ የለም። አራት ዓመት እዚያ ቆይቼ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ከእኔ ጋር የሠራ ያውቀዋል፣ ያልሠራ አያምንም።

አዲስ አበባ የገባሁበት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ዶክተር ግዛቸውን አገኘሁ። አጭር ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ እንዲደርሱ ከእግራቸው ሥር የእንጨት መርገጫ ይደረግላቸዋል። መርገጫውን የማስቀመጥ ሥራ የእኔ ነበር። ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም። ሥራው ሲያምራቸው ዝም ይላሉ፤ ሳያምራቸው "እህ" ይላሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ የ"እህ" ዓይነቶችን ሁሉ ለይቼ አወቅኩ። አንዷ "ቀስ በይ" ነች፣ ሌላዋ "እንደገና ሥሪው"፤ አንዷ ደግሞ ከክፍሉ ውጪ ጠርተው ለብቻ የሚሏት ስለሆነች ሁላችንም እንፈራታለን።

የደረት ቀዶ ሕክምና ይሠሩ ነበር። ከዓመታት በኋላ የልብ ሕክምና ሲጀመር እሳቸው ተጠርተው ሄዱ፤ እኔንም አስከትለውኝ ሄዱ። ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ በሽተኛው ብዙ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ደረት ሲከፍት ሌላው በዚያው ሰዓት ቧንቧ ማውጣት አለበት። "አንቺ ታወጪያለሽ" አሉኝ። ነርስ ነኝ እኮ አልኳቸው። "እጅሽ አያውቅም ነርስ መሆንሽን" ብለው ሄዱ።

ያስተማሩኝ በበግ እግር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ አብነት ያለው ሉካንዳ ቤት ጎራ ብዬ የፊት እግር እገዛለሁ፤ ማዕድ ቤቴ ውስጥ ሳህን ላይ አስቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከሥጋው መሀል ቧንቧውን ሳልነካው ለማውጣት እታገላለሁ። ከዚያ እግሩን ሾርባ እሠራዋለሁ። ባሌ ሾርባ ሰልችቶት በስንተኛው ወር "ሐሊማ፣ እኔን ልትሸኚኝ ነው ወይስ ልትመረቂ?" አለኝ። ሥጋ ሻጩም "ነርሷ፣ ቤትሽ ሁሉም ሰው አጥንቱ ተሰብሯል እንዴ?" ይለኝ ነበር።

"ሳልነካው" ያልኩት ለወጉ አይደለም። የደም ወሳጅ ቧንቧ የውስጥ ገጽ በጣም ስስ ነው፤ በሽንኩርት ገላ መሀል እንደምትገኘው ስስ ሽፋን ያህል ነው። ፎርሰፕስ በሚባለው መቆንጠጫ ቆንጠጥ ስታደርጊው ከላይ ምንም አይታይም፤ ከውስጥ ግን ተልጧል። ደም በተላጠ ቦታ ላይ ሲያልፍ ይረጋል፣ ይከማቻል፣ ይዘጋል። የክንዱ ቧንቧ ደግሞ ዙሪያው ጡንቻ የበዛበት ስለሆነ ያኮርፋል፤ ትንሽ ከነካካሽው ይኮማተርና ክር ያህላል። ስለዚህ ዶክተር ግዛቸው ዙሪያው ካለው ስብና ከሁለቱ ጎን ከሚሄዱት ጥቃቅን ደም መላሾች ጋር አንድ ላይ እንዳወጣው አስተማሩኝ። "ስቡን ያዢ፣ ቧንቧውን ለፈጣሪው ተዪው" ይሉኛል። ከቧንቧው የሚወጡትን ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸውን በሁለት ጥቃቅን ክሊፕ ይዤ በመሀል በመቀስ እቆርጣለሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ እየቆረጠ ደም የሚያቆመው ካውተሪ የምንለው ብዕር መሳይ ዕቃ አለ። እሱ ሥራውን በግማሽ ያሳጥራል፤ ሙቀቱ ግን በቅርንጫፉ ተጉዞ ቧንቧው ድረስ ይገባል። እሳቸው ከክንዱ አጠገብ ካውተሪ ካዩ ያቺ ከክፍሉ ውጪ የምትባለዋ "እህ" ትመጣለች።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ እሱ ደግሞ ያስቀኝ ነበር። ከኦፕሬሽኑ በፊት በሽተኛውን ሊጎበኙ ሲሄዱ በጋውናቸው ኪስ ብርቱካንና ትንሽ ቢላ ይይዛሉ። ሰላም ይላሉ፣ ስለ ልጆች ስለ አገር ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ብርቱካኑንና ቢላውን ሰጥተው "እስቲ ይላጡልኝ" ይላሉ። በሽተኛው ግራ ገብቶት ይልጣል። እሳቸው ተቀብለው፣ ግማሹን አካፍለውት፣ በልተው ይወጣሉ። ጎመን ጎመን ከሚሸተው የሆስፒታል ምግብ ለማምለጥ ነው እያልን ከኋላ እናማቸው ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው "ሰው በየትኛው እጁ እንደሚሠራ አፉ አያውቅም፣ ቢላው ያውቃል" አሉኝ። የክንድ ቧንቧ የሚወሰደው ሰውየው ከማይሠራበት እጅ ነውና።

ዓይናቸው ሲደክም፣ ማንም ሳይነግራቸው አንድ ሰኞ ከመርገጫቸው ወርደው "ይበቃኛል" አሉና ጡረታ ወጡ። በቦታቸው ሕንድ አገር የሠለጠነ ዶክተር ያሬድ መጣ። ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰው ያከብራል። ከደረት የሚወጣውን ቧንቧ ዶክተር ግዛቸው ከዙሪያ ሥጋው ጋር ያወጡት ነበር፤ ያሬድ ደግሞ ራቁቱን ገፎ ያወጣዋል። መጀመሪያ ሳየው ዘገነነኝ። ቆይቼ ግን ጥቅሙ ገባኝ፦ ቧንቧው ይረዝማል፣ የደረት አጥንቱም ደሙ ስለሚተርፍለት ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ቶሎ ይድናል። እጁ ግን ልዝብ መሆን አለበት፤ የእሱ ልዝብ ነበር። ከእሱም ተማርኩ። ብርቱካኑን ግን ተውኩት። ሲስተር ብርቱካን ይዛ ዋርድ ስትዞር ያስቃል፣ ደግሞስ ቢጠየቅ ምን አለበት ብዬ በጥያቄ ተካሁት። "በየትኛው እጅዎ ነው የሚበሉት?" እላለሁ። ሁሉም "በቀኝ" ይሉኛል። ሁልጊዜ ግራ ክንድ አወጣለሁ። አንድም ቀን "እንዴት ሁሉም ቀኝ ሆኑ?" ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

እንዲህ እያለሁ ጋሽ ኑሩ መጡ። ጋሽ ኑሩ የአብነት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። በየቀኑ ደጃቸው አልፋለሁ፣ "እንዴት አደሩ" እላለሁ፣ አንገታቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ሙሉ ልብስ የሚቆርጡት ራሳቸው ናቸው፤ መቀሳቸውን ሌላ ሰው ሲነካ አይወዱም። ባለቤታቸው ዘምዘም ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ሦስት የልብ ቧንቧቸው ጠቦ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ወደ እኛ ተላኩ። ዘምዘም ዋርድ ውስጥ ስታየኝ አቅፋኝ አለቀሰች። "ከአላህ በታች ባንቺ ነው፣ ሐሊማዬ፤ የሰፈሬ ልጅ እያለሽ ማንን ልፈራ!" አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አንጓቸው ላይ ሁለቱን ቧንቧዎች በጣቴ ጫን ብዬ እንዲጨብጡ አደረግኩ። መዳፋቸው ነጣ። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ ስለቅ ወዲያው ቀላ፤ አንዱ ቧንቧ ቢወሰድ ሌላው እጁን ይመግበዋል ማለት ነው። ከዚያ "በየትኛው እጅዎ ነው የሚበሉት?" አልኳቸው። "በቀኝ" አሉ፤ እንዲያውም ጥያቄው ገረማቸው። ፎርሙ ላይ ጻፍኩ።

ልቡ ቆሞ ሲሰፋ ደሙን የሚያዞረውን የልብና የሳንባ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ አገር ሊለቅ የቀረው ሳምንት ብቻ ስለነበር በቀን ሁለት ሰው እንሠራ ነበር። የዚያን ቀን ጋሽ ኑሩ የመጀመሪያው ናቸው፤ ሁለተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ዶክተር ያሬድ ደረቱን ከፈተ፣ እኔ ግራ ክንዳቸውን ከአንጓ እስከ ክርን ከፈትኩ። የጋሽ ኑሩ ቧንቧ ቅርንጫፉ በዛ፤ አንዱን በክሊፕ ይዤ ሳልጨርስ ሌላ ይመጣል። ከደረቱ በኩል የዶክተር ያሬድ ድምፅ መጣ።

"ሲስተር፣ ደረሰልኝ?"

"ትንሽ ቀረኝ፣ ዶክተር።"

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ "ሲስተር፣ እኔ ጨርሻለሁ" አለ። አልጮኸም። ባይጮኽም፣ ሁሉም ቆሞ እኔን ሲጠብቅ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ካውተሪውን አነሳሁ። ጥቂት ብቻ፣ ሩቅ ሩቁን ብቻ አልኩ። ሩቅ ሩቁን አልሆነም። የጨረስኩት ቶሎ ነው። አንስቼ ሳየው ግን ቧንቧው ተኮማትሮ ክር አክሏል።

"ምን ሆነ?" አለ ያሬድ።

"ተኮማተረ" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። ካውተሪ መጠቀሜን አልነገርኩትም። እሱ አንገቱን ደረት ውስጥ አስገብቶ ስለነበር አላየም። ቧንቧውን ለብ ባለው ፓፓቨሪን ውስጥ ዘፈቅኩት፤ የተኮማተረን ቧንቧ የሚያፍታታ መድኃኒት ነው። ቆሜ ጠበቅኩ። ቀስ በቀስ ተፍታታ፣ ደምም አሳለፈ፤ ዶክተር ግዛቸው በሚወዱት ልክ ግን አልነበረም። ያሬድ ተቀበለኝና በልቡ የግራ ጎን በኩል ሰፋው። ከእግር ያወጣሁትን ደም መላሽ በቀኙ በኩል፣ የደረቱን ቧንቧ ደግሞ ከፊት ሰፋ። ልቡ ተነሳ፣ መታ። ሁላችንም ተነፈስን። እኔ ግን ያቺን የተቃጠለች ሽታ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ጋሽ ኑሩ በደህና ወጡ። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ከዘምዘም ጋር ቤቴ መጡ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩ።

"ሲስተር፣ ልቤስ ደህና ነው" አሉ። "ይሄ ጣቴ ግን ተኝቷል። መቀሱን ሳስገባበት አይሰማኝም። ሁለት ኮት አበላሸሁ።"

ያሳዩኝ የግራ አውራ ጣታቸውን ነው።

"መቀስ በየትኛው እጅዎ ነው የሚይዙት?"

"በግራዬ ነዋ! ከልጅነቴ። መቀሴም የግራ ነው፣ ከጅዳ ነው ያስመጣሁት።"

"ታዲያ ስጠይቅዎ በቀኝ አሉኝ እኮ!"

ጋሽ ኑሩ አፍጥጠው አዩኝ። "የጠየቅሽኝ በየትኛው እጅ ትበላለህ ብለሽ ነው። ቢስሚላህ ብሎ በግራው የሚጎርስ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላየሁም። እኔም ሙስሊም ነኝ፤ ክርስቲያኑም ቢሆን በዚህ አገር በግራው አይጎርስም። ስንት ዓመት አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። የሰውየውን ሱቅ በየቀኑ እያለፍኩ በየትኛው እጃቸው እንደሚቆርጡ ቀና ብዬ አላየሁም። ለአውራ ጣት ጀርባ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ደግሞ ከዚያ ቧንቧ ጎን ነው የሚሄደው። ካውተሪው እሱንም ነክቶታል።

እዚያው ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ቤቴ ውስጥ ስለሆንን ይሆናል። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የማይሆን ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ደግሞም ለመፍጠን ብዬ በእሳት ቆረጥኩ። ነርቩ ተነክቷል፣ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ልብዎ ላይ የተሰፋው ቧንቧም ሙቀቱ ደርሶት ይሆናል።" ጋሽ ኑሩ ጣታቸውን ያሹ ጀመር። ዘምዘም ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ "እንሂድ" አለቻቸው። እኔን አላየችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘምዘም ለእኔ አፏን ዘጋች።

ሰኞ ለዶክተር ያሬድ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። "ለምን ያኔ አልነገርሽኝም? በእግር ቧንቧ እተካው ነበር እኮ" አለ።  ቧንቧው እንዳይኮማተር የሚረዳውን ክኒን ጊዜ አራዘመላቸውና "እንግዲህ እንጠብቃለን" አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተር ግዛቸው ቤት ሄድኩ። ጥቁር መነጽር አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ "ብርቱካኑስ?" አሉኝ።  እንባዬ መጣ። ከዚያ "የሆነውን ሰማሁ። አሁን የምታደርጊውን ንገሪኝ" አሉ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበርና እያለቀስኩ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ግን ማሰብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ለእኛ ክፍል ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ፤ ቢላም ገዛሁ። ከክንድ አጠገብ ካውተሪ እንዳይደርስ ራሴ ላይ ደነገግኩ፤ አዲስ የሚመጡትንም በበግ እግር ጀመርኳቸው። "ጨርሻለሁ" ሲባልም "እኔ አልጨረስኩም" ማለት ለመድኩ። እንዲህ ብዬ የሞተብኝ ሰው የለም። ያሬድም ራሱ ከዚያ በኋላ አይጠይቀኝም፤ ዝም ብሎ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሥጋ ቤቱን ትቼ ጋሽ ኑሩ ሱቅ መሄድ ጀመርኩ። ዓይናቸውን አስጨፍኜ ጣታቸውን በጥጥ ዳበስ፣ በመርፌ ጠቅ አደርጋለሁ። "ተሰማዎት?" "የለም።" "አሁንስ?" "የለም፣ አታድክሚኝ።" ዘምዘም ጀርባዋን ሰጥታን ትተኩሳለች። እሳቸው በጠመኔ ያሰምራሉ፣ እሷ በሌላ መቀስ ትቆርጣለች። የኮት አንገትጌ አልሆንላት አለ። የበፊት ደንበኛ ሁሉ ሱሪ ለማሳጠር ብቻ ይመጣ ጀመር፤ ሙሉ ልብሱን ሜክሲኮ ሄዶ ያሰፋል። ይህንን እያየሁ ሐሙስ መቅረት አማረኝ። አልቀረሁም። መቅረት ብጀምር በዚያ መንገድ ማለፍም እንደማልችል አውቃለሁ፤ ቤቴ ደግሞ በዚያ መንገድ ነው።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ሐሙስ መርፌውን ጠቅ ሳደርግ ጋሽ ኑሩ ብድግ ብለው "አንቺ! ወጋሽኝ እኮ!" ብለው ጮኹ። እንደገና ጠቅ አደረግኩ። እንደገና ጮኹ። ሦስተኛ ልሞክር ስል እጃቸውን ደበቁ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ከወንበሩ ጋር ተጋጨሁ። ዘምዘም ካውያዋን ይዛ "እሰይ" አለች፤ ለካውያው ነው ያለችው እንጂ ለእኔ አይደለም። በወሩ መቀሱን ያዙ። ጫፍ ጫፉ ላይ እስከ ዛሬ ደነዝ ይላቸዋል፤ አንገትጌው ግን ተመለሰ።

ጣቱ ተመለሰ። ልቡስ? እሱን ማየት አይቻልም። ሰው ደህና እያለ ቧንቧው ክፍት ነው ዝግ ነው ብሎ ልቡ ውስጥ የሚገባ የለም። የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር ጋሽ ኑሩ የጣቢያውን ደረጃ ሲወጡ አያለሁ፣ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። ሲያስሉ እደነግጣለሁ። በአራተኛው ዓመት፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ፣ የፈራሁት መጣ። ደረታቸውን ጨመደዳቸው። በክንዳቸው ሳይሆን በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ቀለም ረጭቶ የልብ ቧንቧዎችን በስክሪን ማየት ይቻላል፤ ለዚያ ቀጠሮ ተያዘ። በዕረፍት ቀኔ ሄጄ ከመስታወቱ ጀርባ ቆምኩ። 

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እኔን በደንብ አታውቀኝም። መጀመሪያ የደረቱን ቧንቧ አየች፤ ክፍት ነው። ቀጥሎ ከእግር የወጣው፤ ቀለሙ አፉ ላይ ደርሶ ቆመ፣ አልገባም። "ይሄው፣ የእግሩ ተዘግቷል" አለች። ከዚያ ቱቦዋን ወደ ሦስተኛው አዞረች።  ቀለሙ ገባ። ከላይ እስከ ታች ወፍራም ሆኖ፣ አንድም ቦታ ሳይጠብ፣ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ሞልቶ ወረደ።

"ይሄ ከክንዱ ነው አይደል? እንዴት ያምራል!" አለች። "ማነው ያወጣው?"

 ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። "ሲስተር፣ አመመዎት?" አሉኝ። "ደስ ብሎኝ ነው" አልኩ፤ እውነቴን ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሙሉ ትንፋሽ የተነፈስኩት ያኔ ነው። ያ ሙቀት ለምን እንዳላበላሸው አላውቅም፤ ፓፓቨሪኑ ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን፣ የአላህ ምሕረት ይሁን። የእኔ ጎበዝነት ግን አይደለም። በተዘጋው በኩል የራሳቸውን ቧንቧ ከፍተው ስቴንት የሚሉትን ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገቡላቸው፤ ጭምደዳው ለቀቃቸው።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጋሽ ኑሩ እግራቸውን እንዳያጥፉ ተነግሯቸው ተንጋለዋል፤ ዘምዘም አጠገባቸው ተቀምጣለች። ነገርኳቸው። "የእግርዎ ነው የተዘጋው። ከክንድዎ ያወጣሁት ክፍት ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሲሠራ ነበር።" ጋሽ ኑሩ ግራ ክንዳቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥተው ጠባሳውን አዩት።

"እናቴ" አሉ ቀስ ብለው፣ "በዚህ እጄ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር በማማሰያ ነበር የምትመታኝ። ምንም የማይረባ እጅ ነው ትለኝ ነበር። ብታይ ኖሮ!" እየሳቁ ነበር፣ ዓይናቸው ግን ረጥቧል።

ዘምዘም አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ፌስታሏን ሳበች። የምሳ ዕቃውን ከፈተች፣ ማንኪያ ፈለገች፣ ማንኪያውን በሶፍት ጠረገች። ቀና ስትል በቀጥታ ዓይኔን አየችኝ።

"ሐሊማ፣ ምሳ በልተሻል?" አለችኝ።

"አልበላሁም" አልኳት። በልቼ ነበር፤ ግን አጠገቧ ተቀምጬ የሰጠችኝን ጥርግ አድርጌ በላሁ።